ቦኖው ውሃ እስኪሰጥ ድረስ፦ ሥነ ዜጋ ሳስተምር የገጠመኝ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፣ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ይሄን የምጽፈው ገና ለጀመራችሁ መምህራንና ልጆቻችሁ ይሄን ትምህርት ለሚማሩ ወላጆች ነው፣ እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ዓመት ስላባከንኩ።

አንድ ቀን 7ኛ ክፍል ገብቼ «መንግሥት ማለት ምንድን ነው?» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ፣ የጠራሁት ልጅ ሁሉ ደብተሩ ላይ የጻፍኩለትን ትርጉም አንድ ቃል ሳያጎድል አወረደልኝ። ደስ ብሎኝ እንዲያው ሳላስበው «እሺ፣ እዚህ እኛ ከተማ መንግሥት የታለ?» ስላቸው ዝም አሉ። አንዱ «አዲስ አበባ ነው ያለው» አለ። ሌላው የቀበሌውን ሊቀመንበር ስም ጠራ። ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ልጅ «ግብር የሚቀበለው ነው ቲቸር» አለች። በቃ ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ትርጉሙን አውቀውታል ነገሩን ግን አያውቁትም፣ ትርጉሙን ያሸመደድኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ልጅቷ ያለችው ነገር ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኛ ጎጃም ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በግብርና በመሬት ነው። አባቴ የሚነግረን በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ገበሬው መሬታችን ሊለካ ነው ርስታችን ሊሄድ ነው ብሎ አልከፍልም እንዳለ፣ በሞጣ በብቸና በዳሞት ጦር እስኪላክ ድረስ እንደደረሰ፣ መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዢው ተነሥተው ንጉሡ ውዝፉን ግብር እንደማሩ ነው። ከዛ 1989 ላይ መሬት ሲከፋፈል የሆነውን ደግሞ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ያተረፈም የተጎዳም ጎረቤት አለኝ። ስለዚህ ልጁ ቤቱ ሲሄድ የሚሰማው መንግሥትና ክፍል ውስጥ የሚነበብለት መንግሥት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መምህሩ ካላገናኛቸው ማንም አያገናኛቸውም።

ወላጅ ደግሞ ትምህርቱን ራሱ ይጠረጥረዋል፣ አይፈረድበትም። በንጉሡ ጊዜ ግብረ ገብ ተባለ፣ በደርግ የፖለቲካ ትምህርት ሆነ፣ ከዛ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ፣ ከ2015 ወዲህ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ታች ያሉት ግብረ ገብ 7ኛና 8ኛ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ነው የሚማሩት። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙ የሚለወጥ ትምህርት ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ እኩል ሊታመን አይችልም። አንድ አባት ወላጅ ስብሰባ ላይ «እትዬ መምህር፣ ይኸ ትምርት የናንተ ነው የነሱ?» ብለውኛል፣ «እነሱ» ማለታቸው ማንን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ያኔ መልስ አልነበረኝም።

የድሮው መጽሐፍ 11 ምዕራፍ ነበረው፣ በዴሞክራሲ ይጀምርና የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ እያለ ቁጠባ ጋ ደርሶ ዕውቀትን መሻት ላይ ያልቃል፣ በየክፍሉ ያው 11 ርዕስ ትንሽ እየሰፋ ይመለስ ነበር። ልጁ 8ኛ ሲደርስ ርዕሱን ተኝቶም ይጠራዋል። ፈተናው ምርጫ ብቻ ስለነበረ «ሁሉም መልስ ናቸው» የምትለዋን ያከበበ ያልፋል፣ «ሥነ ዜጋ ላይ ሰው ይወድቃል እንዴ» ይባል ነበር። ውጤት ማንሻ ነበር በቃ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሕገ መንግሥቱን ራሱን ክፍል ማስገባት ነው። 106 አንቀጽ ነው፣ ሁሉም አያስፈልግም፣ እኔ 8ን፣ 12ን፣ 25ን፣ 35ን፣ 36ንና 38ን መርጬ በራሴ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ አስነሳሁ፣ ለሦስት ልጅ አንድ ቅጠል። መጽሐፉ ስለ ሕገ መንግሥቱ ያወራል እንጂ ጽሑፉን አያስነብብም ነበር፣ ልጆቹ ሕጉን በራሱ ቋንቋ ሲያነቡት ይከብዳቸዋል ግን ይለያል፣ «ይሄ እውነት ተጽፏል?» ይላሉ።

አንቀጽ 36 የሕፃናት መብት ነው። ያነብብ የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ስለመሆን የሚለው ጋ ደረሰ። እኔ መሃል ቆሜያለሁ፣ እጄ ላይ ጎማ ይዤ። ሁልጊዜ ነው የምይዘው፣ ሁላችንም እንይዝ ነበር። ልጁ አንብቦ ጨረሰና ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው እጄ ላይ ነው። ማንም አልሳቀ ማንም አልተናገረ። እኔም ምንም ሳልል ጎማውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት፣ ከዛ ቀን በኋላ አላነሳሁትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀላል አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ክፍሉ ገበያ ሆኖብኝ ጓደኞቼ «ልጆቹን አበላሸሻቸው» ብለውኛል። ተመልሼ ልይዘው ሁለቴ አስቤ ነበር። ያዳነኝ የክፍሉን ሕግ ራሳቸው እንዲያወጡ ማድረጌ ነው፣ ሰባት ሕግ አወጡ፣ ቅጣቱን ጭምር፣ ካርቶን ላይ ጽፈው ሁሉም ፈረመበት። የሚገርመው የራሳቸው ቅጣት ከኔ የከረረ ነበር፣ ላረፈደ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ማጽዳት ብለው ሲጽፉ እኔ ነኝ «ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ?» ያልኳቸው፣ ያን ቀን ፍትሕ የሚለውን ምዕራፍ ግማሹን ሳናስበው ተማርነው።

የክፍል አለቃም እንደዚሁ። ድሮ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ጠንከር ያለ ልጅ፣ ሥራው የሚያወሩ ልጆችን ስም ጽፎ ለኔ ማቀበል። ይሄ ምን እንደሚያስተምር አስቡት፣ ሥልጣን ማለት ከላይ መሾም፣ ሥራው ስም መልቀም። በሚስጥር ድምፅ ይመረጥ አልኩ፣ የብስኩት ካርቶን ኮሮጆ ሆነ፣ ሦስት ልጆች ተወዳደሩ፣ ቆጣሪና ታዛቢ ቆመ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከአንድ ጎጥ የሚመጡት ልጆች ስለሚበዙ የነሱ ልጅ አሸነፈ፣ ያውም «ፈተና አስቀንሳለሁ» ብሎ ቀስቅሶ። ተስፋ ቆርጬ ልሰርዘው ነበር፣ ደግነቱ አልሰረዝኩትም። በሁለተኛው ወር ልጁ ለሱ ጎጥ ልጆች ሲያዳላ አይተው አንቀጽ 12ን ጠቅሰው መጡ፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል አይደል፣ ፊርማ አሰባስበው። እሱም የመናገር ዕድል ተሰጥቶት፣ ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፣ ተነሣ። የተካችው ልጅ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነች በዚያን ጊዜ ማንም አላነሣውም። ምርጫውን ከጀመራችሁ ውጤቱ ባይጥማችሁም እጃችሁን አታስገቡ፣ አንዴ ካስገባችሁ ልጆቹ ጨዋታ መሆኑን ያውቁታል።

አሁን ስለ ቦኖው። ግቢያችን ውስጥ አራት አፍ ያለው ቦኖ ነበረን፣ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ሴቶቹ ልጆች ጄሪካን ይዘው ወንዝ ወርደው ለሽንት ቤት መታጠቢያና ለመጠጥ ይቀዱ ነበር። «ማነው ማሠራት ያለበት?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ልጅ «ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንጻፍለት» አለ፣ ከልቡ ነው ያለው። ከዛ ተነሥተን ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ፌዴራል ብለን ሰሌዳው ላይ ሣልን፣ የቱ ምን ይሠራል፣ የቱ ምክር ቤት አለው። የኛ ዞን ምክር ቤት የለውም፣ ወረዳው አለው፣ ጎረቤታችን አዊ ግን የብሔረሰብ ዞን ስለሆነ ምክር ቤት አለው፣ ይሄን ሲሰሙ ገረማቸው፣ እንጅባራ አክስት ያለው ልጅ ደግሞ ኮራ። የቦኖው ነገር ወረዳ ነው ብለን ተስማማን።

መጀመሪያ ያጠፋሁት ጥፋት፣ ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩት። ቆንጆ አማርኛ፣ እነሱ ፈረሙ ብቻ። ወረዳ የሄዱት አራት ልጆች (ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፣ ከዚህ ከራቀ ትራንስፖርት የሚከፍል ስለማይኖር አትላኩ) አንድ ቢሮ ገብተው «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ሲባሉ ማመልከቻውን ከመስጠት ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም፣ ምክንያቱም የነሱ ቃል አይደለም። ሰውየው ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና «መምህራችሁ ይምጡ» አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ወረቀቱ እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉንም ለነሱ ለቀቅኩት። ሴቶቹ ልጆች ለአንድ ሳምንት ስንት ጄሪካን እንደቀዱና የትኛው ፔሬድ እንደሚያልፋቸው መዘገቡ። ማመልከቻው ላይ ቀን፣ ለማን፣ «ጉዳዩ» የሚለው፣ ግልባጭ የሚሄድላቸው፣ ይሄን ሁሉ ተማሩ፣ ዳይሬክተሩ ሸኚ ደብዳቤ ጻፉላቸው፣ ማኅተም ተመታ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁት። ከዚያ ዋናው ነገር፣ ቢሮ ለሰው ሳይሆን መዝገብ ቤት ሄዳችሁ አስገቡ፣ የገቢ ቁጥር አስጽፋችሁ ኮፒያችሁ ላይ አስፈርሙ አልኳቸው። ይሄን አዋቂውም አያውቀውም እኮ፣ ስንት ገበሬ ማመልከቻውን ለአንድ ሰው ሰጥቶ ሰውየው ሲዛወር ከዜሮ የሚጀምረው በዚህ ነው። ቁጥር ያለው ወረቀት ጠፋ ቢባል እንኳን መጠየቂያ አለው።

አንዷ ልጅ (ያቺ «ግብር የሚቀበለው» ያለችው) ደብተር ያዘች። በሄዱ ቁጥር ቀኑን፣ ማንን እንዳናገሩ፣ ምን እንደተባሉ ትጽፋለች። «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል።» «በጀት የለም።» «ነገ ተመለሱ።» አምስት ጊዜ ሄደዋል። በአራተኛው ላይ አንድ ሠራተኛ ደብተሩን አይቶ «ይኸን ለማን ልታሳይው ነው?» ሲላት «ለክፍሌ ነው ጋሼ፣ ትምህርታችን ነው» አለችው፣ ሰውየውም ቁጭ አድርጎ በጀት እንዴት እንደሚያዝ፣ ዓመቱ ሐምሌ ላይ እንደሚጀምርና የትኛው ሥራ ከየት እንደሚከፈል አስረዳቸው። እኔ በአስር ፔሬድ የማልጨርሰውን እሱ በግማሽ ሰዓት አስተማራቸው፣ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ባለሙያ መጣ፣ ቫልቭ ተቀየረ፣ ለዕቃው ከፊሉን ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ) አዋጣ፣ ከፊሉን ወረዳው ቻለ። ከአራቱ አፍ ሁለቱ ናቸው የሠሩት። ሁለቱ አሁንም አይሠሩም፣ ይሄንንም ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል።

ይሄን ስታደርጉ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ አልደብቅም። መሃል ላይ አንድ ሰው ጠርቶ «ልጆቹን ለአድማ እያነሣሳሽ ነው ይባላል» ብሎኛል። እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለዳይሬክተርና ለወተመህ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ሌሰን ፕላናችሁ ላይ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ይታይ (የኔ «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ሥር ነበር)፣ የወላጅ ፈቃድ ያዙ፣ ልጆቹ በቡድን ሆነው እንጂ ብቻቸውን አይሂዱ። ስለ ፓርቲ አንዲት ቃል ክፍል ውስጥ አታንሱ፣ ለማንም አታድሉ፣ አንቀጽ 90 ራሱ ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከትና ከሃይማኖት ነፃ ይሁን ይላል፣ እኔም ያን ቀን የመለስኩት ይሄን ጠቅሼ ነው። ጊዜው ከከበደ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ ልጅ ቢሮ አትላኩ፣ ክፍል ውስጥ ብቻ ሥሩት። እኛም ጋ ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት ይሄ ሁሉ ቆሞ ነበር።

አንድ ሌላ ስሕተቴን ልናገር። እኩልነት ስናስተምር የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ እንዳለ አውቃለሁ፣ «የናታችሁን ስምና ፎቶ እዩ» ማለት ከየትኛውም ትርጉም ይበልጣል ብዬ ደብተሩን አምጡ አልኳቸው። በማግስቱ አንድ አባት ተቆጥተው መጡ፣ እውነታቸውን ነው፣ ያ ደብተር ቢጠፋ ቤቱ ነው የሚጠፋው፣ ልጁ ደግሞ ሳያስፈቅድ ነው ያወጣው። ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁን የምለው ቤታችሁ ከወላጅ ጋር ሆናችሁ እዩት፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ነው። አንዲት ልጅ እናቷ የራሷ ስም ደብተሩ ላይ መኖሩን እስከዚያ ቀን እንደማታውቅ ጽፋ መጣች፣ ማንበብ ስለማትችል። ልጅቷ ናት ያነበበችላት።

ደግሞ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ አትሽሹ። አገር መውደድ የሚለው ላይ አያቶቻችሁን ጠይቁ ብያቸው ሁሉም የበላይ ዘለቀን ታሪክ ይዞ መጣ፣ ጎጃም አይደል። አንዱ «ቲቸር፣ አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ ታዲያ በ1937 የራሱ መንግሥት ለምን ሰቀለው?» አለኝ። «ይሄ ታሪክ ትምህርት ላይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። በማግስቱ ተመልሼ «ትናንት ሸሽቻለሁ» አልኳቸውና ስለ ፍርድ፣ ስለ ይግባኝ፣ መንግሥትም ሊሳሳት ስለመቻሉ፣ ያንን የሚገታው ምን እንደሆነ አንድ ሙሉ ፔሬድ ተነጋገርን። በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛ ጸጥታ የነበረበት ክፍል ያ ነው።

እነዚያ አባት «የናንተ ነው የነሱ?» ያሉት፣ ቦኖው ሲከፈት ግቢው ውስጥ ነበሩ፣ የወተመህ አባል ሆነው ቧንቧ ቁፋሮው ላይ ዶማ ይዘው ውለዋል። ጥያቄውን ግን ደግመው አላነሱትም፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ብዙ መምህር የማመልከቻውን አጻጻፍ ስለሚጠይቀኝ ልጆቹ የጻፉትን እንዳለ አስቀምጥላችኋለሁ፣ ፊደሉን ብቻ ነው ያረምኩት፦

ለወረዳው የሚመለከተው ጽ/ቤት

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤታችን ቦኖ እንዲጠገን ስለመጠየቅ

እኛ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። የግቢያችን ቦኖ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል። ሴት ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት 43 ጄሪካን ውሃ ከወንዝ ቀድተናል፣ ስንመለስ ሦስተኛው ፔሬድ ያልፈናል፣ ሦስተኛው ፔሬድ ሒሳብ ነው። የሰበረውን ሰው አናውቅም። መጥታችሁ እንድታዩልን፣ የማይቻልም ከሆነ ለምን እንደማይቻል በደብዳቤ እንድትነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለዳይሬክተር፣ ለወተመህ፣ ለ7ኛ ክፍል ግድግዳ